ቤት ስንገዛ የከፈልነው ትራንስፈር ታክስ የት ነው የሚገባው? (ሜሪላንድ ያላችሁ እርዱኝ)

አዲስ_ጎረቤት · ሰኞ ማታ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ ታውንሃውሳችንን ሸጠን ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ግቢ ያለው ቤት ገዛን። ክሎዚንግ ቀን (ሽያጩ የሚፈረምበት ቀን ማለት ነው) ባለቤቴ «ፈርሚና እንሂድ» ይለኛል፣ እኔ ደግሞ መስመር በመስመር አነባለሁ። አንዱ መስመር ላይ ዓይኔ ቀረ። የስቴት ትራንስፈር ታክስ (የስም ማዛወሪያ ግብር)፣ 0.5 በመቶ። ቤቱ 560,000 ስለሆነ 2,800 ዶላር ይመጣል። ከሻጩ ጋር እኩል ተካፈልነውና 1,400 እኛ ላይ ወደቀ። የምታስፈርመንን ሴትዮ «ይሄ ለምንድነው?» ብላት «ሁሉም ሰው ይከፍላል» አለችኝ። መልስ ነው ይሄ?

ሁለተኛ ጉዳይ። በገባን በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት ዶፍ ጣለና ቤዝመንቱ ውሃ ገባው። አማቴ ከአዲስ አበባ ተሸክመው ያመጡት በርበሬ ወለል ላይ ነበር። አምስት ኪሎ በርበሬ! ጠዋት ስንወርድ ወለሉ በሙሉ ቀይ ወጥ መስሏል። አማቴ እስካሁን በደንብ አላነጋገሩኝም።

እና በአንድ በኩል ለስቴቱ ይሄን ሁሉ እከፍላለሁ፣ በሌላ በኩል በርበሬዬ ይዋኛል። የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ።

ጠርጣራው · ሰኞ ማታ

እንኳን ወደ ባለቤትነት በደህና መጣሽ። እዚህ ስቴት ዝናብ ሲዘንብ ይከፈላል፣ ሽንት ቤት ሲለቀቅ ይከፈላል። እየቀለድኩ አይደለም። የውሃ ቢልሽንና የቤት ግብር ወረቀትሽን አውጥተሽ እዪ። ስሙን ተፈጥሮ ጥበቃ ይሉታል። እኔ የማውቀው ከኪሴ መውጣቱን ነው።

ጎመን_በሥጋ · ሰኞ ማታ

ነፍስ ይማር ለበርበሬው 😢

ወራጅ_ውሃ · ማክሰኞ ጠዋት

ሥራዬ ከዝናብ ውሃ ጋር ነው። ቱቦና የውሃ ማቆያ ኩሬ እየዞርኩ እመረምራለሁ። ስለዚህ ሁለቱም ጥያቄሽ ሠፈሬ ነው። በመጀመሪያ ታክሱ።

ያ 0.5 በመቶ «ፕሮግራም ኦፕን ስፔስ» ለሚባል ነገር ነው የወጣው። ሜሪላንድ ያወጣችው በ1969 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ቤትና መሬት በብዛት የሚሸጠው ከተማ ሲሰፋ ነው። ከተማ ሲሰፋ ጫካና እርሻ ይጠባል። ስለዚህ ጫካውን የሚያጠበው ገበያ ራሱ ለጫካው ማዳኛ ይክፈል ተባለ። ከየ100 ዶላሩ 50 ሳንቲም። ገበያው ሲሞቅ መሬት የመጥፋት አደጋው ይጨምራል፣ ያኔ ገንዘቡም አብሮ ይጨምራል። ይሄን ያሰበው ሰው ሒሳብ የገባው ነው።

ገንዘቡ ሦስት አራት ቦታ ይሄዳል። ስቴቱ ጫካና የውሃ ዳር መሬት ይገዛበታል። ካውንቲዎች ፓርክና መጫወቻ ሜዳ ይሠሩበታል። ከዚያ ደግሞ እኔ በጣም የምወደው አለ፤ ገበሬ መሬቱን ሳይለቅ የግንባታ መብቱን ብቻ ይሸጣል። መሬቱ የሱ ነው፣ ያርሳል፣ ያወርሳል፣ ግን እዚያ ላይ ሰፈር መሥራት ለዘላለም አይቻልም። ይሄ የእርሻ ፕሮግራም ከ1977 ጀምሮ አለ።

አንድ ነገር ላስተካክል። ሜሪላንድ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የሚገዛ ሰው ይሄን የስቴት ታክስ አይከፍልም፤ ወደ 0.25 በመቶ ይወርድና ሻጩ ብቻ ይከፍላል። እናንተ ታውንሃውስ ስለነበራችሁ ነው የደረሰባችሁ። የካውንቲው ትራንስፈር ታክስ ደግሞ ሌላ ነው፣ አታቀላቅዪው።

የቤዝመንቱን ማታ እጽፋለሁ። እስከዚያ አንድ ነገር እዪልኝ። የጣራሽ አሸንዳ ውሃውን የት ነው የሚተፋው?

ጠርጣራው · ማክሰኞ ጠዋት

ወንድሜ፣ አሳምረህ አስረድተሃል፤ ግን ግማሹን ዘለልከው። ያ ገንዘብ በየጊዜው ለሌላ ወጪ አልተወሰደም? በጀት በጎደለ ቁጥር እጃቸውን የሚሰዱት እዚያ ነው። በስሜ ጫካ ይገዛል ተብዬ ከከፈልኩ በኋላ የመንግሥት ቀዳዳ መድፈኛ ከሆነ እኔን ምን ይበሉኝ?

ወራጅ_ውሃ · ማክሰኞ ምሳ ሰዓት

እውነት ነው፣ አልክድህም። ባለፉት አሥርት ዓመታት ከዚያ ካዝና ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወደ ጠቅላላው በጀት ተዛውሯል። በሁለቱም ፓርቲዎች ጊዜ። የተወሰደው ቀስ በቀስ እንዲመለስ በ2016 ሕግ ወጣ። ሕግ ግን በሌላ ሕግ ይሻራል፣ ለዚህ ነው በየዓመቱ በጀቱን መከታተል ያለብን።

ሆኖም የሆነውንም እይ። በ2023 የወጣ ሕግ ከስቴቱ መሬት 30 በመቶው እስከ 2030፣ 40 በመቶው እስከ 2040 ይጠበቅ አለ። በ2024 ገዢው ዌስ ሙር 30 በመቶው ላይ ደርሰናል ብለው አስታወቁ፤ ከቀነ ገደቡ ስድስት ዓመት ቀድሞ። ያ በሁለት ዓመት ዘመቻ የመጣ አይደለም። ከ1969 ጀምሮ ከየቤቱ ሽያጭ የተንጠባጠበው ሳንቲም ነው።

ባለታክሲው · ማክሰኞ ከሰዓት

ልጆች፣ እኔ ስለ ሕጉ አላውቅም። ስለ ውሃው ግን ላውራችሁ።

በ2018፣ ሜይ 27፣ እሁድ ቀን ነው። ኤሊኮት ሲቲ ዋናው መንገድ ላይ አንድ ተሳፋሪ አውርጄ ሄድኩ። የድሮ የድንጋይ ከተማ ነው፣ ቁልቁለት ላይ የተሠራ። ቡና ልጠጣ አስቤ ነበር፣ ፓርኪንግ ስላጣሁ ተውኩት። ቤቴ ገብቼ ቴሌቪዥን ስከፍት ያ መንገድ ወንዝ ሆኗል። መኪና እንደ ቆርኪ ይንሳፈፋል። ሰውም ሞቷል። እኔ ቆሜ የነበርኩበት አስፋልት ተቦድሶ ሄዷል።

የሚገርማችሁ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት፣ ጁላይ 30፣ 2016 ያው መንገድ ያው ነገር ደርሶበት ነበር። ያኔ ሁለት ሰው ሞተ። «በሺህ ዓመት አንዴ የሚመጣ ዝናብ» ብለው ነበር የተናገሩት። ሺህ ዓመቱ በሁለት ዓመት አለቀ።

በኋላ ከአንድ የሠፈሩ ሰው ጋር ስናወራ «ዝናቡ ብቻ አይደለም» አለኝ። ከላይ ኮረብታው ላይ ድሮ ጫካ ነበር፣ አሁን ጣራና ፓርኪንግ ነው። ውሃው መስረጊያ የለውም። አሁን ካውንቲው ውሃውን በጎን ወደ ፓታፕስኮ ወንዝ የሚያወርድ ትልቅ ዋሻ ያስቆፍራል። ለዋሻ የሚወጣውን ገንዘብ አስቡት። ለዛፍ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ።

አዲስ_ጎረቤት · ማክሰኞ ማታ

ጋሼ፣ እንኳን ቡናው ቀረብዎት!

@ወራጅ_ውሃ አየሁት። ከጣራው የሚወርዱት አሸንዳዎች ሁለቱም ልክ ግድግዳው ሥር ነው የሚተፉት። አንዱማ ጫፉ ተሰብሮ ቀጥታ መሠረቱ ላይ ይንጠባጠባል። አንድ ኮንትራክተር ጠርቼ ነበር፣ መሠረቱን ዙሪያውን ቆፍሬ ውሃ መከላከያ ልሥራ ብሎ የሰጠኝን ዋጋ ብነግራችሁ ሌላ ቤት እገዛበታለሁ።

ወራጅ_ውሃ · ማክሰኞ ማታ

ኮንትራክተሩን ለጊዜው አቆዪው። በመጀመሪያ ሒሳብ እንሥራ።

ጣራሽ 1,000 ስኩዌር ጫማ ነው እንበል። አንድ ኢንች ዝናብ ሲዘንብ ከዚያ ጣራ 623 ጋሎን ውሃ ይወርዳል። በኛ አቆጣጠር ልንገርሽ፤ በባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን ወደ 118 ጀሪካን ነው። ሁለቱ አሸንዳዎችሽ በአንድ ሌሊት 118 ጀሪካን ውሃ ግድግዳሽ ሥር ደፍተዋል። የትኛው ቤዝመንት ነው ይሄን የሚችለው?

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የአሸንዳ ማራዘሚያ ነው። ከሃርድዌር መደብር ጥቂት ዶላር ነው። ውሃውን ቢያንስ 10 ጫማ ከመሠረቱ አርቂው። ሁለተኛው፣ ውሃው የሚደርስበት ቦታ ላይ ሬይን ጋርደን ሥሪ። ጎድጎድ ያለ መደብ ማለት ነው፣ ጥልቀቱ ከስንዝር ብዙም አይበልጥም። አፈሩን ከኮምፖስት ጋር ታሻሽዪዋለሽ፣ የአገሩን ተክል ትተክዪበታለሽ። ውሃው እዚያ ይተኛና በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይሰርጋል። ከዚያ በላይ ከቆየ ቢምቢ ይራባል፣ ስለዚህ አስቀድመሽ አፈሩን ፈትኚ። አንድ ጫማ ጉድጓድ ቆፍሪ፣ ውሃ ሙዪ፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት እዪ። ከመቆፈርሽ በፊት ግን 811 ደውዪ፣ የጋዝና የመብራት መስመር መጥተው በነፃ ምልክት ያደርጉልሻል።

እና ይሄንን ስታደርጊ ከወጪሽ ከፊሉን የሚመልስልሽ የካውንቲ ፕሮግራም አለ። ያለሽበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ «ሬይንስኬፕስ» ይባላል። የሚገርመው ገንዘቡ የሚመጣው @ጠርጣራው ከሚራገመው ክፍያ ነው። 😄

ጠርጣራው · ማክሰኞ ማታ

የዝናብ ግብሩ ማለትህ ነው? እሱንማ ገዢ የነበረው ሆጋን ሰርዞታል ሲባል አልሰማህም?

ወራጅ_ውሃ · ረቡዕ ጠዋት

ይሄ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በ2012 ስቴቱ አሥር ትልልቅ ቦታዎችን፣ ማለት ዘጠኝ ካውንቲና ባልቲሞር ከተማን፣ የዝናብ ውሃ ክፍያ እንዲጥሉ አስገደደ። ተቃዋሚዎቹ «የዝናብ ግብር» ብለው ስም አወጡለት። ስሙ ከሕጉ በላይ ዝነኛ ሆነ። ሆጋን በዚያ ቀስቅሰው ተመረጡ። በ2015 የተሻረው ግን ግዴታው ነው። ካውንቲው የውሃ ማጽዳት ሥራውን የሚሠራበት ገንዘብ እንዳለው ማሳየት አለበት፣ ከየት እንደሚያመጣው ግን ራሱ ይወስናል ተባለ። ሞንትጎመሪ ከስቴቱ ሕግ በፊትም የራሱ ክፍያ ነበረው፣ አሁንም አለው።

የሽንት ቤቱ ደግሞ ሌላ ነው። በ2004 ነው የወጣው፣ የፈረሙበትም ሪፐብሊካን ገዢ ናቸው፣ ኧርሊክ። መጀመሪያ በወር 2.50 ዶላር ነበር፣ በ2012 ወደ 5 ዶላር ከፍ አለ። በዚያ ገንዘብ የስቴቱ 67 ትልልቅ የፍሳሽ ማጣሪያዎች እንዲታደሱ ነው የታቀደው። ከኛ ሽንት ቤት የሚወጣው ናይትሮጅን ቼሳፒክ ቤይ (ትልቁ የባሕር ወሽመጥ) ሲገባ አልጌውን ያወፍረዋል። አልጌው ሲሞትና ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ሸርጣኑና ዓሣው ይታፈናል። ስለዚህ አዎ፣ ስትለቅ ትከፍላለህ።

ጠርጣራው · ረቡዕ ጠዋት

እሺ፣ ሸርጣን እወዳለሁ። በወር 5 ዶላር ይቅር ብያለሁ። 1,400ውን ግን ገና አላለፍኩትም።

አዲስ_ጎረቤት · ረቡዕ ጠዋት

1,400ው የኔ ነው እኮ ወንድሜ 😂

የደብር_ጸሐፊ · ረቡዕ ከሰዓት

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ጥሩ ውይይት ነው። እኛ ቤተ ክርስቲያን ላይ የደረሰውን ልጨምር። ስማችንን አልጠቅስም። ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ ነን።

ሕንፃውን ስንገዛ ሁላችንም የተደሰትነው በፓርኪንጉ ነበር። አንድ ኤከር አስፋልት። ለጥምቀትና ለትንሣኤ ሕዝቡ ሲመጣ መኪና የሚቆምበት አለን ብለን እልል አልን። ከዚያ የዝናብ ውሃ ክፍያው መጣ። «እኛ ቤተ እምነት ነን፣ ከግብር ነፃ ነን» ብለን ደብዳቤ ጻፍን። ግብር አይደለም፣ ክፍያ ነው፣ ነፃ አያደርግም የሚል መልስ መጣ። የሚሰላው ውሃ በማያሰርግ መሬት ስፋት ነው። የምንኮራበት አስፋልት ዕዳ ሆነ።

በወንድማችን ቀመር ሒሳቡን ሠራሁት። በአንድ ኤከር ላይ አንድ ኢንች ዝናብ 27,000 ጋሎን ገደማ ነው። ወደ 5,000 ጀሪካን! ይሄ ሁሉ በአስፋልቱ ላይ የዘይት ጠብታውን፣ የክረምቱን ጨው፣ የጣልነውን ሶፍት ጠራርጎ ታች ወዳለው ጅረት ይገባል። ታች ያሉት ጎረቤቶቻችን ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ናቸው። ጅረቱ ግቢያቸውን እየበላ እንደሆነ ያወቅነው ዘንድሮ አንዲት እናት በር አንኳኩተው ሲነግሩን ነው። አፈርን።

ካውንቲያችን ለቤተ እምነቶች አማራጭ መንገድ አለው። በግቢያችሁ ውሃ ማስረጊያ እንድንሠራ ፍቀዱ፣ ምእመናችሁን ስለ ውሃ አስተምሩ፣ ግቢያችሁን በሥርዓት ያዙ፣ ክፍያው ይቀነስላችኋል ይላል። ኮሚቴው ተስማማ። አንድ አባት ብቻ «ፓርኪንግ ቀንሳችሁ አበባ ልትተክሉ ነው?» ብለው ተቆጡ። ሌላው መልስ የሰጧቸው ደስ አለኝ። «አባ፣ አገር ቤት ያሉ ደብሮች በምን ነው የሚታወቁት? በአስፋልት ነው በጽዱ?» አሉ።

የመንዝ_ልጅ · ረቡዕ ማታ

የደብሩ ጸሐፊ ልቤን ነካኸው። እኔ እዚህ ሳልመጣ ሰሜን ሸዋ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነበርኩ። አገር ቤት ብዙ ቦታ የጥንቱ ዛፍ የቀረው ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ብቻ ነው። ከሩቅ ስታየው በተራቆተው መሬት ላይ አረንጓዴ ነጥብ ነው።

ይሄን ክር ሳነብ አንድ ነገር ታየኝ። እኛ ጋ ተፈጥሮ ጥበቃ የሚከፈለው በጉልበት ነው። መኸር ከተሰበሰበ በኋላ ጥርና የካቲት ገበሬው አካፋና ዶማ ይዞ ይወጣል። እርከን ይሠራል፣ ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፍራል፣ ተራራውን ከከብት ንክኪ ነፃ ያደርጋል። ያለ ክፍያ፣ ለተከታታይ ቀናት። እኔ በሜትር እየለካሁ እመዘግብ ነበር። እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ እርከን ለሪፖርት ነው የተሠራው። በሚቀጥለው ክረምት የፈረሰ ስንት አለ። ግን የያዘው ሲይዝ ታያለህ። የደረቀ ምንጭ ተመልሶ ሲፈልቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ሽማግሌው ቁጭ ብለው በእፍኛቸው ጠጡ።

እዚህ ደግሞ ጉልበቱ ሳንቲም ሆኖ ወረቀት ላይ ተቀምጧል። አካፋ የሚይዝ የለም። ለዚህ ነው ማንም የማያውቀው። አገር ቤት እርከኑን የምትጠላው ወገብህን ስላመመህ ነው፣ እዚህ ግን ምን እንደምትጠላ እንኳ አታውቅም።

ወራጅ_ውሃ · ረቡዕ ማታ

«ወገብህን ስላመመህ» 👏 እውነት ብለሃል። እኔ የምሠራውም ያው ያንተው ነው፣ እርከኑ ኮንክሪት መሆኑ ነው እንጂ። ውሃው እንዳይሮጥ ማድረግ።

ጨው_ውሃ · ሐሙስ ጠዋት

ከሳልስበሪ ነኝ፣ ከቤዩ ማዶ። እዚህ ያለን ሐበሾች ጥቂት ነን፣ ብዙዎቻችን የዶሮ ፋብሪካ ነን። ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ስለ ቤዝመንት ታወራላችሁ፣ እኛ ጋ አገሩ ራሱ እየሰጠመ ነው።

ዶርቼስተር ካውንቲ ውስጥ ብላክዋተር የሚባል የዱር አራዊት መጠለያ አለ። ለሥራ ሳልፍ አንዳንዴ ቆም እላለሁ። ዛፎቹ ቆመው ሞተዋል። ቅርፊት የላቸውም፣ ነጭ ናቸው፣ እንደ አጥንት። ጨው ውሃ ከሥር ገብቶ ነው የገደላቸው። ባሕሩ ከፍ ይላል፣ መሬቱ ደግሞ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል። ከ1930ዎቹ ወዲህ ከ5,000 ኤከር በላይ ረግረግ ውሃ ሆኗል። በዚያ ላይ ኑትሪያ የሚባል ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ትልቅ የአይጥ ዘመድ ሥሩን ይበላው ነበር። እሱን ለሃያ ዓመት አድነው በ2022 ጨርሰን አጥፍተነዋል አሉ። ባሕሩን ግን ማን ያድናል።

እዚህ ሕጉ በግልጽ ይታያል። በ1984 የወጣ ሕግ አለ፣ ባሕር ከሚገባበት ውሃ ዳር እስከ 1,000 ጫማ ድረስ እንደፈለግህ አትሠራም ይላል። ከ2008 ጀምሮ ደግሞ የውሃ ዳር መሬትህ ሲሸረሸር ዝም ብለህ የድንጋይ ግንብ አታቆምም። መጀመሪያ ሣርና አሸዋ፣ ኦይስተር ዛጎል፣ ማለት ሕያው ዳርቻ ሞክር ይልሃል። ግንብ ማዕበሉን ጎረቤትህ ላይ ነው የሚወረውረው። ረግረግ ግን ይውጠዋል።

አንድ የማውቃቸው ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ አሉ፣ ቤተሰባቸው እዚያ ከባርነት ዘመን ጀምሮ ነው። ከባርነት አምልጣ ሌሎችንም ያስመለጠችው ሀሪየት ተብማን የተወለደችበት አካባቢ ነው። «ድሮ አያቴ ቲማቲም የሚተክሉበት ቦታ አሁን ሸርጣን እናጠምድበታለን» አሉኝ። እየሳቁ ነው ያሉት።

እትዬ_ዘነበች · ሐሙስ ከሰዓት

ልጆቼ፣ ሁላችሁም ዛፍ ዛፍ ትላላችሁ። ባለፈው ዓመት የጎረቤቴ ዛፍ ወድቆ አጥሬን ሰበረው። ኢንሹራንሱ እስኪከፍል ጸጉሬ ነጣ። ዛፍ ጥሩ ነው፣ ሌላ ሰው ቤት ሲሆን።

ወራጅ_ውሃ · ሐሙስ ከሰዓት

እትዬ፣ እውነትዎን ነው፣ ያረጀና የታመመ ዛፍ ይወድቃል። ለዚህ ነው ቦታውና ዓይነቱ የሚመረጠው። ሞንትጎመሪ ውስጥ ግንበኞች ጥላ ሲያጠፉ የሚከፍሉት ክፍያ አለ፣ በ2013 ሕግ። በዚያ ገንዘብ «ትሪ ሞንትጎመሪ» የሚባለው ፕሮግራም ግቢዎ ድረስ መጥቶ በነፃ ይተክልልዎታል። የት ቢተከል ቤትዎን እንደማይነካ ባለሙያው አይቶ ነው። ስቴቱም በ2021 ባወጣው ሕግ እስከ 2031 አምስት ሚሊዮን ዛፍ ሊተክል ቃል ገብቷል። ከዚያ ውስጥ 500,000ው ችላ በተባሉ የከተማ ሰፈሮች። እኛ የምንኖርባቸው አንዳንዶቹ አፓርታማዎችም እዚያ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ።

እትዬ_ዘነበች · ሐሙስ ማታ

በነፃ ነው ያልከው? ስልኩን በውስጥ ላክልኝ።

ቤዛ_ዲስትሪክት20 · ዓርብ ጠዋት

ሰላም። አማርኛ መጻፍ ገና እየተማርኩ ነው፣ ስህተት ካለ ይቅርታ። እዚህ ነው የተወለድኩት። ባለፈው ዓመት አናፖሊስ (የስቴቱ ዋና ከተማ) ለአንድ የስቴቱ ምክር ቤት አባል ኢንተርን ነበርኩ። አንድ ነገር ብቻ ልናገር።

ምክር ቤቱ በዓመት 90 ቀን ብቻ ነው የሚሰበሰበው። በጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ይጀምራል፣ በኤፕሪል ያልቃል። ስለ ትራንስፈር ታክሱ ገንዘብ፣ ስለ ዛፍ፣ ስለ ውሃ የሚወሰነው በዚያ ጊዜ ነው። ማንኛውም ሰው መጥቶ ወይም በኢንተርኔት ሆኖ መናገር ይችላል። ብዙ ጊዜ ሁለት ደቂቃ ነው የሚሰጡት። እኔ ሙሉውን ጊዜ ቁጭ ብዬ አየሁ። የግንባታ ኩባንያ ጠበቃ ይመጣል። የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ይመጣል። ገበሬ ይመጣል። ሐበሻ አንድም ቀን አላየሁም። ስለ ታክሲና ስለ ሬስቶራንት ፈቃድ ሲሆን እንመጣለን። ስለ ውሃ ግን አንመጣም።

አያቴ አንድ ቀን ይዛኝ ስትሄድ «ምን ትሠሪያለሽ እዚያ?» አለችኝ። «የሰው አቤቱታ እመዘግባለሁ» አልኳት። «እና የኛን ማን ጻፈው?» አለችኝ።

የሁላችሁም ዲስትሪክት (የምርጫ ክልል) በስቴቱ ምክር ቤት አንድ ሴናተርና ሦስት ዴሌጌት (ተወካይ) አለው። ኢሜይል ሲደርስ እኔ ነበርኩ የማነበው። አምስት ኢሜይል ከአንድ ሰፈር ከመጣ አለቃዬ ስብሰባ ትጠራ ነበር። አምስት ብቻ።

ጠርጣራው · ዓርብ ጠዋት

አምስት? እውነትሽን ነው?

ቤዛ_ዲስትሪክት20 · ዓርብ ጠዋት

እውነቴን ነው። ኮፒ ፔስት ያልሆነ አምስት።

ጠርጣራው · ዓርብ ምሳ ሰዓት

እሺ እኔ አንዱን ጻፍኩ። ከ1969 ጀምሮ የወሰዳችሁትን መልሱ ብዬ ነው የጀመርኩት። በኋላ ባለቤቴ አስተካከለችው።

ባለታክሲው · ዓርብ ከሰዓት

ቤዛ ልጄ፣ አማርኛሽ ከብዙዎቻችን ይሻላል። እኔም እናገራለሁ። እንግሊዝኛዬ እንደ ጠበቃው ባይሆንም ኤሊኮት ሲቲን አይቻለሁ። ሁለት ደቂቃ ይበቃኛል። ፓርኪንግ ካገኘሁ።

አዲስ_ጎረቤት · ዓርብ ማታ

ሪፖርት ላቅርብ። የአሸንዳ ማራዘሚያውን ትናንት ገጠምነው። ጉድጓዱንም ቆፍረን ውሃ ሞላነው። የመጀመሪያው ጉድጓድ ሸክላ አፈር ሆኖ ውሃው እስከ ጠዋት ንቅንቅ አላለም። አምስት ጫማ ፈቀቅ ብለን ሁለተኛ ቆፈርን፣ በአራት ሰዓት ውስጥ ሰረገ። 811 ደውዬ ስለነበር ቢጫ ባንዲራ ተክለው ሄደዋል፤ የጋዝ መስመሩ ልክ የመጀመሪያው ጉድጓድ አጠገብ ነበር። ተመስገን።

አማቴ ከመስኮት ሆነው ያዩን ነበር። መጨረሻ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። «አፈሩን እንዲህ አይደለም የሚቆለሉት፣ ቁልቁል በኩል ነው ክትር የሚሠራው» ብለው አካፋውን ከባለቤቴ ቀሙት። ልጅ ሆነው ወሎ ውስጥ እርከን ሠርተዋል ለካ። ስንት ዓመት አብረን ስንኖር አላውቅም ነበር። @የመንዝ_ልጅ ሰላም ብለውሃል።

መደቡን ነገ ቅዳሜ እንጨርሳለን። ተክሎቹ ተገዝተዋል። ሰው ካለ ቢመጣ ደስ ይለናል፣ በርበሬ የሌለበት ምሳ አለ። ጠዋት 3 ሰዓት።

ጎመን_በሥጋ · ዓርብ ማታ

3 ሰዓት በሐበሻ ነው በፈረንጅ?

አዲስ_ጎረቤት · ዓርብ ማታ

በሐበሻ! በፈረንጅ 9 ሰዓት። አካፋ ያለው ይዞ ይምጣ፣ ያለን አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም አማቴ ይዘውታል።